ረጅም የማርሽ ዘንግ በአውቶማቲክ መኪና ላይ፦ ሥራው ከታች ነው የሚጀምረው

እዚህ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሥራ እሠራለሁ። የዘወትር ሥራዬ ቡና የሚያመላልስ አይሱዙ፣ የአጋሮ ሚኒባስ፣ የቤት ቶዮታ ነው። በየመሃሉ ግን በጣም የምወደው ሌላ ሥራ ይመጣል። አባት ወይም አያት ትቶት የሄደ፣ ጓሮ ቆሞ ሣር የበቀለበት መኪና ተጎትቶ ይገባል። ሞተሩ ይወጣል። በቦታው ከተጋጨ ቶዮታ የተገኘ ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው ይገባል። ከዚያ ወጣቱ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ሾፌሩ ደረት የሚደርስ ቀጭን የማርሽ ዘንግ። «ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይለኛል።

አደርግለታለሁ። ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ረጅም ዘንግ በአውቶማቲክ መኪና ላይ ሲገጠም የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። አብዛኛው በጥንቃቄ ከተሠራ የሚቀር ነው። አንዳንዱ ግን ካምቢዮ ያቃጥላል፣ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ያንሸራትታል። ስለዚህ እንዴት እንደምሠራው ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ፎቶው ላይ ያለው መኪና ሆት ሮድ ይባላል። አሜሪካኖች የድሮ መኪና አቅልለው፣ ጠንካራ ሞተር ገጥመው የሚነዱት ነው። የጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወጣቶቹ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1932ቱ ፎርድ እስከ ዛሬ የሙያው መለያ ነው። የያን ጊዜ መኪና ማኑዋል ነበር፤ ዘንጉም ከወለሉ በቀጥታ ይወጣ ነበር። ረጅሙ ቁመና የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ሰው አውቶማቲክ ሲገጥምም መልኩን አልተወውም።

ዘንጉ የሚያዘው ምኑን ነው?

በማኑዋል መኪና እጃችሁ የማርሹን መግባት በቀጥታ ይሰማዋል። በአውቶማቲክ እንደዚያ አይደለም። በካምቢዮው ጎን አንድ አጭር ክንድ አለ። ክንዱ ሲዞር ውስጥ ሁለት ነገር ይንቀሳቀሳል። አንዱ የዘይቱ ግፊት ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ቫልቭ ነው። ሌላው ፒ ላይ (ማቆሚያው ላይ) ስታደርጉ መኪናውን የሚቆልፈው ጥርስ ነው። በቃ። ዲ ላይ (ወደ ፊት መንጃው ላይ) ካደረጋችሁ በኋላ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛ የሚቀይረው ካምቢዮው ራሱ ነው።

ከክንዱ ጋር አብሮ የሚዞር፣ ዳሩ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ላሜራም አለ። በሞላ የተገፋ ትንሽ ሮለር እያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ይወድቃል። ያቺ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ከዚያ ነው የምትመጣው። ለፒ አንድ ጎድጓዳ፣ ለአር (ወደ ኋላ መሄጃው) አንድ፣ እንዲህ እያለ በኤን (ነጻው)፣ በዲና በ2 አልፎ እስከ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) ይሄዳል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። ማርሹን የሚይዘው ላይኛው ዘንግ አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ነው። ዘንጉ ለጎድጓዳው ይታዘዛል እንጂ ጎድጓዳው ለዘንጉ አይታዘዝም። መጀመሪያ ከላይ ያለውን አሳምሮ ሠርቶ ታች ያለውን በግድ ለማስማማት የሚሞክር ሰው ካምቢዮ ያበላሻል።

ለምን ያበላሻል? ሮለሩ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ካልወደቀ ቫልቩ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ግማሽ የገባ መቀርቀሪያ በሉት፤ በሩ የተዘጋ ይመስላል፣ የገፋው ሁሉ ግን ይከፍተዋል። የዘይቱ ግፊት ይቀንሳል። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ዲስኮች አጥብቀው አይጨብጡም። ይንሸራተታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያርራሉ። ምልክቱ ይታወቃል። ዲ ላይ አድርጋችሁ መኪናው ቆይቶ ይነሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ቀይ የነበረው ዘይት ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። ዘይቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ ዘንግ ማስተካከል ብቻውን አያድነውም።

ርዝመቱ የሚያመጣው ሒሳብ

አንድ የቡና ነጋዴ የአባቱን አሮጌ ጂፕ ፒክአፕ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ዘንጉ ሌላ ከተማ ተሠርቶለታል። መልኩ እንከን የለውም። ችግሩ ዲ ለማስገባት ሰውየው ከወንበሩ ጀርባ ድረስ መሳብ ነበረበት። ኤል ላይ ለማድረግማ ወንበሩ ራሱ ይከለክለዋል። ፒ ላይ ሲያደርግ ደግሞ መጨበጫው ዳሽቦርዱን ይመታል።

ጥፋቱ የርዝመት ብቻ አይደለም፤ የምጥጥን ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ፒን አለ። ከፒኑ እስከ መጨበጫው 50 ሳ.ሜ ነው እንበል። ከፒኑ በታች፣ ዘንጉን ከካምቢዮው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ ብረት እስከተያዘበት ድረስ ያለው ደግሞ 5 ሳ.ሜ ነው እንበል። ምጥጥኑ 10 ለ1 ሆነ። የካምቢዮው ክንድ ከአንዱ ጎድጓዳ ወደ ሌላው ለመሄድ 1 ሳ.ሜ ቢፈልግ እጃችሁ 10 ሳ.ሜ ይሄዳል። ከፒ እስከ ኤል አምስት እርምጃ አለ። አምስቱ ሲደመር 50 ሳ.ሜ! በየትኛው መኪና ውስጥ ነው ለዚህ ቦታ ያለው?

መፍትሔው ላይኛውን መቁረጥ አይደለም። ታችኛውን ማስረዘም ነው። ከፒኑ በታች ያለውን 10 ሳ.ሜ አድርጉት። ምጥጥኑ 5 ለ1 ይሆናል። ጠቅላላ የእጅ ጉዞ ወደ 25 ሳ.ሜ ይወርዳል። መልኩ ከላይ ምንም አይለወጥም። በጂፑ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ ጥቅምም አለው። በ10 ለ1 ምጥጥን፣ እጃችሁ 5 ኪሎ ሲገፋ ማገናኛው ብረት ላይ የሚያርፈው 50 ኪሎ ነው። ይህን ያህል ጉልበት የካምቢዮውን ክንድ ያጣምማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሜቱን ያጠፋዋል። ጎድጓዳው «ጠቅ» ሲል እጅ ላይ አይደርስም። ሾፌሩ የት እንዳለ ሳያውቅ አልፎ ይሄዳል። ምጥጥኑ ሲቀንስ ጠቅታው ይመለሳል። በአውቶማቲክ ላይ ጠቅታውን መስማት ከመልኩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጠመዝማዛ ዘንግ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ሾፌሩ ቆልመም ያለ ዘንግ ስትለኩ የብረቱን ርዝመት አትለኩ። ከፒኑ እስከ መጨበጫው በቀጥታ ሜትር ዘርጉ። ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ቀጥታው ነው።

የት ላይ ይታሰር?

ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ዘንጉን ካምቢዮው ላይ ማሰር ነው። ሌላው የመኪናው ወለል ላይ ማሰር ነው።

ውጭ አገር ተሠርተው የሚሸጡት ረጃጅም ዘንጎች አብዛኞቹ ካምቢዮው ጀርባ ላይ የሚታሰሩ ናቸው። ጥቅሙ ዘንጉና ካምቢዮው አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው፤ ሞተሩ ሲነቃነቅ ማርሹ አይዛነፍም። ጉዳቱ ደግሞ መጨበጫው ይጨፍራል። ሞተር ጋዝ ሲሰጠው በጎሚኒው (በተቀመጠበት ላስቲክ) ላይ ዘመም ይላል። 2 ዲግሪ ብቻ ቢዘም፣ 60 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ መጨበጫው 2 ሳ.ሜ ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። የወለሉ ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ዘንጉ ከላሜራው ጋር ይጋጫል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ማርሹን ይገፋል።

እነዚያ ዕቃዎች የተሠሩት ለአሜሪካ ካምቢዮዎች መሆኑንም አትርሱ። የጀነራል ሞተርስ ተርቦ 400 እ.ኤ.አ. በ1964፣ ተርቦ 350 በ1969፣ 700 አር 4 በ1982 የወጡ ናቸው። የፎርዱ ሲ 4 የ1964 ነው። ተርቦ 350 ሦስት ማርሽ ስለሆነ ስድስት ቦታ አለው። 700 አር 4 አራት ማርሽ ነው፤ ቦታው ሰባት ነው። የአንዱን መምሪያ ላሜራ (ላይኛው ዘንግ በየቦታው የሚቆምበትን) ለሌላው ብትገጥሙት ጎድጓዳዎቹ አይገጣጠሙም። ለቶዮታ ካምቢዮማ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹም አንድ አይደሉም። ዘመድ ከውጭ ሊልክላችሁ ከሆነ ከመላኩ በፊት የካምቢዮውን ዓይነት ጠይቁ።

እኔ ቶዮታ ካምቢዮ ላይ ስሠራ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ካምቢዮው ከወጣበት መኪና የመጀመሪያውን የማርሽ መቀመጫ ከነመምሪያው አብሬ አወጣለሁ። የመጨበጫውን ቁልፍ ስትጫኑ ብቻ ከፒ የሚለቀው፣ ወደ አር እንዳይሄድ የሚከለክለው ሁሉ እሱ ውስጥ አለ። ወለሉ ላይ በአራት ቡሎን አስረዋለሁ። ከዚያ የላይኛውን ቱቦና ውስጡ ያለውን የመልቀቂያ ሽቦ አስረዝማለሁ። ማገናኛው ብረት ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሞተሩ ወደ ጎን መዝመም ብዙም አይነካውም። የሞተርና የካምቢዮ ጎሚኒ ያረጀ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ማገናኛው ማርሹን ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቶዮታው መጨበጫ ላይ የኦቨርድራይቭ (የመጨረሻው፣ የፈጣኑ ማርሽ) ቁልፍ ይኖራል። ዘንጉን ስትቀይሩ ሽቦዎቹ ተቆርጠው ይቀራሉ። ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ አውጡት። ሽቦ አንጠልጥላችሁ አትተዉ፤ ላሜራ ሲነካ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ማርሹም እንደፈለገው ይሆናል።

ብረቱና መጨበጫው

ዘንጉን ከሙሉ ብረት አትሥሩት። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ ይሻላል። ይቀላል፤ በክብደቱ ልክ ሲታይም አይታጠፍም። የውሃ ቧንቧ ግን አይሆንም። የተለበጠው ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምማል፤ ብየዳውንም ያበላሻል።

መጨበጫው ቀላል ይሁን። ብዙ ወጣቶች ከነሐስ ወይም ከከባድ ብረት የተሠራ ትልቅ ኳስ ይፈልጋሉ። እኔ እምቢ እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ፒ ከፊት፣ ዲ ወደ ኋላ ነው። ፍሬን አጥብቃችሁ ስትይዙ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ከባዱ ኳስም ወደ ፊት ይወረወራል። ወደ ፊት ማለት ከዲ ወደ ኤን፣ ከኤን ወደ አር ማለት ነው! ጎድጓዳውና ሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይይዙታል። ግን አሮጌ ካምቢዮ፣ የደከመ ሞላ፣ ከባድ ኳስ፣ የኛ ጉድጓድ ሲደመሩ መጥፎ ነው። ከዋንዛ እንጨት የተቀረጸ መጨበጫ ያምራል፣ ይቀላል፣ በፀሐይም እጅ አያቃጥልም።

በኤንና በአር መካከል መከልከያ የሌለው ዘንግ ከኔ ጋራዥ አይወጣም። ባለቤቱ ቢለምነኝም አይወጣም። አሜሪካኖች ራሳቸው ይህን በመከራ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የመጀመሪያው ሃይድራማቲክ ፒ የሚባል አልነበረውም፤ አሩም ከዝቅተኛው ማርሽ ቀጥሎ ነበር። ከ1968 ጀምሮ የደህንነት ደንባቸው ኤን በአርና በዲ መካከል እንዲሆን፣ መኪናው ማርሽ ላይ እያለም ሞተሩ እንዳይነሳ አስገድዷል።

የዘንጉ ቁመትም ከደረታችሁ በታች ይቁም። ግጭት ቢፈጠር ከፊታችሁ የቆመ ብረት ነው።

ማስተካከያው

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ሽቦ ይፈታ።

መጀመሪያ ማገናኛውን ብረት ከካምቢዮው ክንድ ላይ ፍቱት። አሁን ክንዱ ነጻ ነው። በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። እያንዳንዱን ጠቅታ ቁጠሩ። ስድስት ቦታ ያለው ካምቢዮ ከሆነ ስድስቱንም ማግኘት አለባችሁ። ካላገኛችሁ ችግሩ ውስጥ ነው፤ ዘንግ ብታስተካክሉ አይፈታም።

ቀጥሎ ክንዱን ወደ ፒ ጫፍ ድረስ ውሰዱት። በብዙ የኋላ እግር (የኋላ ጎማቸው በሚገፋቸው) ቶዮታዎች ላይ ይህ ወደ ኋላ ነው። ፒ መሆኑን ለማረጋገጥ ትራንስሚሽኑን (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ብረት) በእጅ ለማዞር ሞክሩ፤ ፒ ከሆነ አይዞርም። ከዚያ ሁለት ጠቅታ መልሱት። አንዱ አር ነው፣ ሁለተኛው ኤን ነው። እዚያው ተዉት።

አሁን ላይኛውን ዘንግ በመምሪያው ላይ ኤን አድርጉት። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ዘንጉን በቀስታ ወደ አር በኩል ገፋ አድርጎ ይያዘው። እንዲህ የምናደርገው በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው መላላት ወደ አንድ ወገን እንዲሰበሰብ ነው። ከታች ያለው ሰው የማገናኛውን ርዝመት ያስተካክልና ዳዶውን ያጥብቅ። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ያለ ምንም ግፊት ሊገባ ይገባል። መጎተት ወይም መግፋት ካስፈለገ ርዝመቱ ልክ አይደለም ማለት ነው።

ማገናኛው በሁለቱ ጫፍ ቀኝና ግራ ጥርስ ያለው ቢሆን ሥራው ይቀላል። ሳትፈቱት በማዞር ብቻ ታረዝሙታላችሁ፣ ታሳጥሩታላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ቶርኖ ቤት ያወጡላችኋል።

የክንዶቹም አቀማመጥ ወሳኝ ነው። ዘንጉ በጉዞው መሃል ላይ ሲሆን ከፒኑ በታች ያለው ክንድና ማገናኛው ብረት ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ማለትም 90 ዲግሪ ይሥሩ። የካምቢዮው ክንድም እንዲሁ። ይህ ካልሆነ መሃል ላይ ትክክል የነበረው ዳር ላይ ይዛባል። ኤንና ዲ ጥሩ ይሆኑና ፒና ኤል አይደርሱም። «ዲ ላይ ችግር የለውም፣ ፒ ብቻ አይዝም» ብሎ የሚመጣ ሰው መኪናው ብዙ ጊዜ ይህ ነው ያለበት።

ቀዳዳዎቹን እዩ። ክንዱ ላይ ከጎድጓዳ ወደ ጎድጓዳ ያለው ጉዞ 1 ሳ.ሜ ከሆነ፣ ሁለት መገጣጠሚያ ላይ 1 ሚ.ሜ 1 ሚ.ሜ መላላት ካለ፣ ከጉዞው አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው። የሞላለ ቀዳዳ በብየዳ ሞልታችሁ በትራፓኖ እንደገና ብሱ። ቡሹን ቀይሩ። በሽቦ አስራችሁ አትለፉት። እያንዳንዱ ፒን መውጫ መከልከያውን ይልበስ፤ መንገድ ላይ አንዱ ቢወድቅ መኪናው በነበረበት ማርሽ ላይ ይቀራል።

ማገናኛው ከጭስ ቱቦው መራቁንም አረጋግጡ። ኬብል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ በእጥፍ ይጨምራል። ሙቀት የኬብሉን የውስጥ ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ዘንጉ ይከብዳል። ራቅ ማድረግ ካልተቻለ በመሃል ላሜራ ጋርዱ።

የማስነሻ መከልከያው

ካምቢዮው ጎን ላይ፣ ክንዱ የሚዞርበት ዘንግ ላይ የተሰካ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) በፒና በኤን ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። በቶዮታ ላይ ማስተካከያው ቀላል ነው። ማርሹን ኤን ላይ አድርጉ። የማብሪያውን ቡሎን አላሉ። አካሉ ላይ የተሠመረውን የኤን መሥመር ከዘንጉ ጭረት ጋር አገጣጥሙ። ሳትለቁት አጥብቁ።

ብዙ ጋራዥ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ያልፈዋል። መኪናው ይነሳልና ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ያ መኪና አንድ ቀን ልጅ ቁልፍ ሲያዞርበት ዲ ላይ ሆኖ ይነሳል። እባካችሁ አታልፉት። ስትጨርሱ ፈትኑት፦ ፍሬን አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ ከፊት ማንም ሳይኖር፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቁልፉን አዙሩ። ከፒና ከኤን ውጭ ሞተሪኖው ከተንቀሳቀሰ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

መንገድ ላይ መሞከር

ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ፣ ዘንጉን በሁሉም ቦታ አሳልፉ። አር ላይና ዲ ላይ ካምቢዮው ሲጨብጥ ይሰማችኋል። ወዲያው መሆን አለበት። ከዚያ ዘንጉን ዲ ላይ አድርጋችሁ በጣት ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉት። በሁለቱም በኩል ያለው መላላት እኩል ከሆነ ልክ ነው። ወደ አንዱ ካደላ ማገናኛውን ግማሽ ዙር አስተካክሉ። የካምቢዮው ዘይት የሚለካውም አሁን ነው፦ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ በሁሉም ቦታ አልፎ ፒ ላይ ከተመለሰ በኋላ።

ፒ መያዙን የምፈትነው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት እሄዳለሁ። አንድ ሰው ድንጋይ ይዞ ከጎማው አጠገብ፣ ግን ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ከጎኑ ይቆማል። እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ፒ አስገባለሁ። ቀስ ብዬ ፍሬኑን እለቃለሁ። መኪናው ትንሽ ተንሸራቶ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው። «ጠጠጠጠ» የሚል ድምፅ ካሰማ ጥርሱ በደንብ አልገባም። ወደ ታች ተመለሱና ማገናኛውን እንደገና ለኩ። ፊቱን ወደ ታች አዙራችሁም ድገሙት።

በየቀኑ ስታቆሙ ግን ክብደቱን ፒ ላይ አትጣሉት። ዳገት ላይ እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጋችሁ ኤን አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ እግራችሁን ለቀቅ አድርጋችሁ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ፒ። ለረጅም ዘንግ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ክብደት ያረፈበት ፒ ሲወጣ ኃይል ይጠይቃል፤ ረጅም ዘንግ ደግሞ ያንን ኃይል ሳይታወቃችሁ ይሰጣችኋል።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የጊቤን ቁልቁለት ያውቀዋል። እዚያ በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬን ያቃጥላል። ኦቨርድራይቩን አጥፉ፤ ሲያስፈልግ 2 ላይ አድርጉ። ይህን ሜዳ ላይ ቀድማችሁ ተለማመዱት። ከዲ ወደ 2 ስትስቡ ዘንጉ 2 ላይ ቆሞ ኤልን እንዳይነካ መምሪያው ላይ ግልጽ ማቆሚያ ይኑረው። ፍጥነት ላይ እያሉ ኤል ማስገባት የኋላ ጎማን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ዝናብ ከሆነማ አትጠይቁኝ።

ማርሹ ዘግይቶ ወይም በጣም ቸኩሎ ከተቀየረ ግን ዘንጉን አትክሰሱት። ከጋዝ ጋር የተያያዘውን የካምቢዮ ኬብል እዩ። በ700 አር 4 ላይ ያ ኬብል በትክክል ካልተስተካከለ ካምቢዮው ሳይቆይ ይቃጠላል።

ቀዳዳውና ዝናቡ

ጅማ ዝናቡ አይለቅም። የወለሉ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ጭቃና ውሃ ይገባል፤ ፒኑን ያዝጋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የሞተር ጭስ ነው። ሽታ የሌለው መርዝ አብሮት ይገባል፤ በተለይ መስኮት በተዘጋበት ዝናባማ ቀን። ከአሮጌ ጎማ የወጣ የውስጥ ላስቲክ ቆርጣችሁ ዘንጉን በሚያለብስ መልኩ ስፉት፤ ዙሪያውን በላሜራ ቀለበትና በትንንሽ ቡሎኖች ወለሉ ላይ ጫኑት። ላዩ ላይ ለመልክ ቆዳ ብትጨምሩ የናንተ ፈንታ ነው። ላስቲኩ ግን ልል ይሁን። ከተወጠረ ዘንጉን መልሶ ይስበዋል፤ ያ ሁሉ የለካችሁት ልኬት ይዛባል። ላስቲኩን ከገጠማችሁ በኋላ ጠቅታዎቹን እንደገና ቁጠሩ።

የማርሽ ቦታዎቹን ፊደል ከዘንጉ አጠገብ፣ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ ቅረጹ። መኪናውን ሌላ ሰው ሊነዳው ይችላል፤ ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ዘንግ ሰው ይሞታል።

አዲስ የተገጠመ ዘንግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል። ቡሹ ቦታውን ይይዛል፣ ዳዶው ይፈታል። ስለዚህ መኪናውን ሳስረክብ ከወር በኋላ ተመለሱ እላለሁ። ሲመለሱ የማደርገው እንደ መጀመሪያው ነው፦ ማገናኛውን ከክንዱ እፈታለሁ፣ ጎድጓዳዎቹን በእጄ እቆጥራለሁ፣ ኤን ላይ አድርጌ ብረቱ ሳይገፋ መግባቱን አያለሁ፣ ዳዶዎቹን አጠብቃለሁ፣ ፒኖቹን ቅባት እቀባለሁ።